የሽማግሌ እርቅ የወንጀል ክስን ያስቀራል?

«ሽማግሌ ካስታረቀን ክሱ ይዘጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግጭት በነበረባቸው አካባቢዎች ደጋግሞ ይነሳል። መልሱ እንደ ወንጀሉ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እንደ ስድብ ያሉት የሚያስቀጡት ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ስለሆነ፣ እርቅ ወርዶ አቤቱታው ሲነሳ ጉዳዩ ሊቋረጥ ይችላል። ግድያን የመሰሉት ግን በመንግሥት ስም የሚከሰሱ በመሆናቸው፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር ማለቱ ዐቃቤ ሕጉን አያስቆመውም።

በግጦሽ መሬት የተጋጩ ሁለት ቀበሌዎች ሰው ሞቶባቸው፣ በሽማግሌ አማካይነት የደም ካሳ ተከፍሎ የጋራ የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈር ተስማሙ እንበል። ስምምነቱ በቀልን ሊያስቀር፣ ገበያውንና እርሻውን ሊያስቀጥል ይችላል፤ የገዳዩ ክስ ግን አይቀርም። ቢሆንም (ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው) ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ መካሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚያቀልለት የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው።

ከክልል ክልል የሚለያየው የባህል ዳኝነት አደረጃጀት ነው፤ ለምሳሌ ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች በባህል ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው።