ኮቪድ እና የዘረመል ምክር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሲለው የሁሉም ዓይን ያረፈው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የዘረመል አማካሪዎችም ሥራ ከሥሩ ተናወጠ። እነዚህ ባለሙያዎች በዘር የሚተላለፍ በሽታ ለሚያሰጋቸው ሰዎች ስጋቱን ያስረዳሉ፣ ምርመራ ማድረጉ ይጠቅም እንደሆነ አብረው ያስባሉ፣ ውጤቱ ሲመጣም ትርጉሙን ይነግራሉ። ስለዚያ ጊዜ የሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

“አስቸኳይ ስላልሆነ አገልግሎቱ ቆሞ ነበር”

እርግዝና ወረርሽኝ አያውቅም። የጽንሱን ዘረመል ከእናቲቱ ደም የሚያጣራው ምርመራ የሚጀመረው ከ10ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ከእንግዴ ልጅ ናሙና የሚወሰደው በግምት ከ10ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት፣ ከሽርት ውሃ ደግሞ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ጊዜው ካለፈ አለፈ። ስለዚህ እነዚህ ምርመራዎች በአካል ቀጠሉ። በብዙ ቦታ ግን ባል ወይም እናት አብረው መግባት ስለተከለከሉ፣ ነፍሰ ጡሯ ከባድ ዜና ብቻዋን ሰማች። ለእኔ የዚያ ጊዜ ትልቁ ቁስል ይሄ ነው።

ወደ ኋላ የተገፋው፣ “የጡት ካንሰር በቤተሰባችን አለ” ብለው ገና ሳይታመሙ ለመመርመር የተመዘገቡ ሰዎች ቀጠሮ ነበር። እሱም ቢሆን የዋዛ አይደለም።

“በስልክ የሚሰጥ ምክር ለይስሙላ ነው”

በኮቪድ ጊዜ ብዙው ምክር ወደ ስልክና ቪዲዮ ዞረ፤ ይህ መንገድ ግን ከወረርሽኙ በፊትም ተፈትሿል። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የተባሉት ዘረመሎች ላይ ለውጥ ከተገኘ የጡት ካንሰር ስጋት በጣም ከፍ ይላል። በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 የወጣ ጥናት፣ በስልክ የተመከሩት ሴቶች በአካል ከተመከሩት በመረዳትም ሆነ በጭንቀት መጠን እንደማያንሱ አሳይቷል። መንገዱ ተጠንቶ ነበር፤ ኮቪድ ሁሉንም ሰው በአንድ ጊዜ እዚያ ላይ አወጣው።

ደግሞ የተገኘም ነገር አለ። አማካሪዋ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሐረግ ስትሥል አስቡት፤ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ፣ ለሞተ ሰው ሰያፍ መስመር። “አክስትዎ በስንት ዓመታቸው ነው የታመሙት?” ብላ ትጠይቃለች። ቢሮ ውስጥ ቢሆን መልሱ “እንጃ” ነው። ቤት ሲሆን ግን እናት ከጓዳ “በ42 ዓመቷ! ያውም በሁለቱም ጡቷ!” ብላ ትጣራለች። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የስጋቱን ስሌት ልትለውጠው ትችላለች።

የጠፋውም አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ ሰው ዝም ሲል ፊቱን ታያለህ፤ ማልቀሱ ይሁን ማሰቡ ይገባሃል። ስልክ ላይ ዝምታ ዝምታ ብቻ ነው። አማካሪዎች “ዝም አሉ፤ ምን እያሰቡ ነው?” ብለው አፍ አውጥተው መጠየቅ ነበረባቸው። ጭር ያለ ቦታ አጥቶ የቆመ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያወራም ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ደግሞ ቪዲዮው ቀረበት። የሕፃን ጆሮ አቀማመጥን፣ የዓይኖቹን ርቀት፣ የመዳፉን መስመር አይቶ የዘረመል ችግርን የሚለይ ሐኪምም በስክሪን ሥራውን በወጉ መሥራት አይችልም።

“ደም ካልተቀዳ ምርመራ የለም”

ለብዙዎቹ ምርመራዎች ምራቅ ወይም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የተጠረገ ናሙና ይበቃል። የናሙና መውሰጃው ዕቃ በፖስታ እስከ ሰውየው መኖሪያ ድረስ ይላካል፤ ሰውየው ለ30 ደቂቃ ሳይበላና ሳይጠጣ ቆይቶ ይተፋበታል፣ ከዚያ መልሶ ይልከዋል። አንዳንዴ ናሙናው አልበቃ ብሎ ይደገማል። ዘረመሎችን የተሸከሙትን ክሮሞዞሞች በማይክሮስኮፕ ለማየት ግን በሕይወት ያሉ ሴሎች ስለሚፈለጉ ብዙ ጊዜ ደም የግድ ነው።

“አማካሪዎቹ ቤታቸው አርፈው ተቀመጡ”

የሚላክ ታካሚ ሲቀንስ የሥራ ሰዓታቸው የተቆረጠባቸው፣ ያለ ደሞዝ ፈቃድ የወጡም ነበሩ። ሌሎቹ ወደ ኮቪድ ሥራ ተዛወሩ፤ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ፣ የምርመራ ውጤት መንገር። ቤት ሆነው የሠሩት ደግሞ ከመኝታ ክፍላቸው መርዶ የሚያህል ዜና ተናግረው ስልኩን ይዘጋሉ። በጎን ያለውን ቢሮ አንኳኩቶ “ዛሬ ከባድ ነበር” የሚባልለት የሥራ ባልደረባ የለም። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ጣጣም ተጨመረ፦ የሥራ ፈቃድ በየግዛቱ የተለያየ ስለሆነ፣ ታካሚው ድንበር ማዶ ከሆነ በስልክ መምከሩ ራሱ ሕግ መጣስ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች ሕጉን ለጊዜው አቃለሉት።

“የኤምአርኤንኤ ክትባት ዘረመል ይቀይራል”

አይቀይርም። በአንዳንድ የኮቪድ ክትባቶች ውስጥ ያለው ኤምአርኤንኤ ለሴል መመሪያ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ዘረመላችን የተጻፈበት ዲኤንኤ ወዳለበት የሴል አስኳል አይገባም፤ መልእክቱን አድርሶ በአጭር ጊዜ ይበታተናል።

“ወረርሽኙ ሲያልፍ ሁሉም እንደነበረ ተመለሰ”

ብዙ ክሊኒኮች የስልክና የቪዲዮ ቀጠሮን አላስቀሩትም። ያኔ ቀጠሮው ተላልፎበት እንደዋዛ የረሳው ሰው አሁንም ደውሎ መጠየቅ ይችላል። ከመደወሉ በፊት ግን በእናትም በአባትም ወገን ማን፣ በምን በሽታ፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ቤተሰቡን ይጠይቅ። አማካሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።