«በውሃ አቅጥኜዋለሁ»፦ ስለ መዓዛማ ዘይቶች ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የሰባት ወር የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። የሕፃኑ ብብትና ጉያ፣ የአንገቱም እጥፋት ቀልቶ ቆዳው አብጦ ነበር። ሕፃኑን ጉንፋን ስለያዘው የገላ መታጠቢያ ሳፋው ውስጥ አሥር ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት ጨምረው አጥበውታል። ቆዳውን ያቃጠለው ዘይቱ እንደሆነ ስነግራቸው ተገረሙ፤ «ሳፋ ሙሉ ውሃ ነው እኮ ልጄ፣ በውሃ አቅጥኜዋለሁ፤ አሥር ጠብታ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። በፋርማሲስትነት ሙያዬ ስለ መዓዛማ ዘይቶች ከምሰማቸው ስህተቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያሰለቸኝ፣ ይህንም ያህል ሰው የሚጎዳ የለም። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ከስሙ የሚጀምረውን ችግር ላንሣ።

«ኢሴንሺያል ኦይል» የሚለውን «አስፈላጊ ዘይት» ብለው የሚተረጉሙ ጽሑፎች በዝተዋል። ቃሉ የመጣው ከ«ኢሴንስ» ማለትም ከተክሉ መዓዛና ምንነት ነው እንጂ ለሰውነት ከማስፈለግ አይደለም። ትርጉሙ እንደ ቫይታሚን ካልወሰድነው የሚጎድለን ነገር ያስመስለዋል፤ ያለ እሱ የታመመ ሰው ግን የለም። እኔ መዓዛማ ዘይት እለዋለሁ።

«ዘይት» የሚለው ሁለተኛው ቃልም ያሳስታል። የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የጉሎ፣ የወይራና የኮኮናት ዘይቶች ከፍሬ የሚጨመቁ ቅባቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ሳያቀጥን የሚቀባው የጥቁር አዝሙድ ዘይትም፣ ከፍሬው የተጨመቀ እስከሆነ ድረስ፣ አብዛኛው ክፍሉ እንዲሁ ቅባት ነው። መዓዛማ ዘይት ግን በአብዛኛው የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው፤ እንፋሎቱ ቅጠሉን እያቋረጠ የሚተነውን ክፍል ይዞ ይሄዳል፣ ሲቀዘቅዝም ከውሃው ተለይቶ ይሰበሰባል። በአንድ ኪሎ ቅጠል ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ «ጥቁር አዝሙድ ሳላቀጥን ተቀብቼ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ክርክር ስለሌላ ዕቃ የሚደረግ ክርክር ነው። አንዲት ደንበኛዬ የጥብስ ቅጠል በወይራ ዘይት ዘፍዝፋ ለፀጉሯ ለወራት ስትቀባ ቆይታ፣ አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ «የሮዝመሪ ዘይት» (ሮዝመሪ ያው የጥብስ ቅጠል ነው) የሚል ትንሽ ጠርሙስ አገኘችና ያንኑ ያህል የራስ ቅሏ ላይ አፈሰሰችው። በሳምንቱ ፀጉሯ አላደገም፤ ቆዳዋ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣ ነበር።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። ሽሮ ሲንተከተክ ዘይቱ ከላይ ወጥቶ ሲንሳፈፍ ያላየ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብደኛል፤ ሆኖም ያንኑ በየቀኑ የምናየውን ነገር ሳፋው ዘንድ ስንደርስ እንረሳዋለን። መዓዛማ ዘይት ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አሥር ጠብታ በሃያ ሊትር ውሃ ላይ ሲንጠባጠብ ሃያ ሊትር ቀጭን ድብልቅ አይሆንም፤ ከላይ የሚንሳፈፍ አሥር ጠብታ ያልቀጠነ ዘይት ይሆናል። ገላው ውሃው ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው ያንን ስስ ሽፋን ነው፤ ዘይቱም ከውሃው ይልቅ ቅባት ያለበትን ቆዳ ስለሚመርጥ እዚያው ይጣበቃል። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ እጥፋቱም ብዙ ነው፤ በእጥፋቱ የተያዘው ዘይት ደግሞ መትነኛ መንገድ አያገኝም። የሞቀው ውሃ ዘልቆ መግባቱን ያግዘዋል። ስለዚህ ያ ሕፃን ብብቱና ጉያው ላይ ያገኘው ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት ነበር፤ የሳፋው ትልቅነት ምንም አልፈየደለትም።

ይህን ስናገር ወዲያው የሚመጣው መልስ «በደንብ አማስለዋለሁ» ነው። ማማሰል ትልቁን ጠብታ ወደ ብዙ ትናንሽ ጠብታዎች ይከፋፍላል እንጂ አያሟሟውም፤ እጅ ሲቆም ተመልሶ ይሰበሰባል። በሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ ፊት ላይ መንፋትም ያው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ርጭቶች ዘይት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ጨው፣ ሶዳ፣ ማርና ወተትም ሥራውን አይሠሩም። አንዳንዶች በአረቄ እንደሚያቀጥኑ ነግረውኛል፤ አልኮል በእርግጥ መዓዛማ ዘይትን ያሟሟል፣ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው በጣም ጠንካራ ሲሆን ነው፤ የቤት አረቄ በአብዛኛው ከግማሽ ያላነሰው ውሃ ስለሆነ ለዚህ አይበቃም። መዓዛማ ዘይትን የሚያቀጥነው ቅባት ነው። ገላ መታጠቢያ ውስጥ ለመጨመር የሚፈልግ አዋቂ ደግሞ አስቀድሞ ጠብታዎቹን ሽታ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና ወይም ሻምፑ ውስጥ አዋሕዶ ከዚያ ወደ ውሃው ይጨምር፤ ሳሙና ቅባትን በውሃ ውስጥ የመበተን ችሎታ አለውና።

ለሕፃን ግን መዓዛማ ዘይት በሳሙናም በቅባትም ተዋሕዶ አያስፈልግም። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲኒዮል፣ የሚንት ዘይት ውስጥ ያለው ሜንቶል፣ እንዲሁም ካምፎር የሚባለው ሽታው ኃይለኛ ንጥረ ነገር በአፍንጫው አጠገብ ሲቀቡ የሕፃንን አተነፋፈስ ሊያውኩ ይችላሉ። በየቤቱ የማይጠፋው ቪክስ ማሸጊያው ላይ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይቀባ የሚያዝዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያንን የሚያነብ ሰው ግን አላጋጠመኝም። «እኛ በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥነን አይደል ያደግነው?» ለሚሉኝ፣ አዎ፣ ታጥነናል፤ የታጠንነው ግን በቅጠል ነው፣ ጥቂት የሚተን ዘይት ባለው ቅጠል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ከብዙ እፍኝ ቅጠል የተሰበሰበ ዘይት ነው። አዋቂ ሰው በሚያጥን ውሃ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፣ ዓይኑንም ይጨፍን፤ አስም ያለበት ሰው ይተወው።

መጠኑን በተመለከተ ሰዎች «ትንሽ ጠብ አድርጌበት» ከማለት አልፈው ቁጥር ሲናገሩ ብሰማ ደስ ይለኛል። አንድ ሚሊ ሊትር በግምት 20 ጠብታ ነው፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 100 ጠብታ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጠብታ መዓዛማ ዘይት በአንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ውስጥ ሲገባ 1 በመቶ፣ ሁለት ጠብታ ሲገባ 2 በመቶ ይሆናል። በሾርባ ማንኪያ ከሆነ ሦስት ጠብታ ነው 1 በመቶ የሚሰጠው። ለፊትና ቆዳቸው በቀላሉ ለሚቆጣ ሰዎች፣ ለአረጋውያንም ከ1 በመቶ አይለፍ፤ ለጤነኛ አዋቂ ሰውነት 2 በመቶ በቂ ነው። ይህ ግን ለሁሉም ዘይት እኩል አይሠራም። የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ዩጀኖል የሚባል ቆዳን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ስለሆነ ከግማሽ በመቶ በላይ ቆዳ ላይ ባይውል ይሻላል። የጠጅ ሳር ዘይትም ሲትራል በሚባል፣ እንዲሁ ቆዳን በሚያስቆጣ ንጥረ ነገር የተሞላ ስለሆነ ከ1 በመቶ በታች መሆን አለበት። የቀረፋ ቅርፊት ዘይት ደግሞ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ ማለፍ የለበትም፤ ቤት ውስጥ በማንኪያ የሚለካ ሰው ይህን መጠን ማግኘት ስለማይችል፣ የቀረፋ ዘይት ቆዳ ላይ ባያውል ነው የምመክረው።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው።» አይደለም፤ ካቃጠለ እያቃጠለ ነው። አንዳንድ ሻጮች ሽፍታውን «መርዝ እየወጣ ነው» ይሉታል፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ምክር ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ማቆም ባለበት ሰዓት እንዲቀጥል ያደርገዋል። ቆዳ አንድን ንጥረ ነገር አንድ ጊዜ ጠላት ብሎ ከመዘገበው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ማሳጅ የምትሠራ አንዲት ወጣት ቲ ትሪ ከሚባለው ዛፍ ቅጠልና ላቬንደር ከሚባለው አበባ የሚወጡ ዘይቶችን ሁለት ዓመት ያህል ሳታቀጥን በባዶ እጇ ስትጠቀም ቆየች፤ ዛሬ ሽታ ያለው የልብስ ሳሙና እንኳ እጇን ያቆስላታል፤ ሥራዋንም ለውጣለች። የእሷን ነገር ያባባሰው ጠርሙሶቹ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታቸው መኖራቸው ይመስለኛል። መዓዛማ ዘይት አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይለወጣል፤ ያረጀ የቲ ትሪ፣ የላቬንደር ወይም የብርቱካን ዘይት ከአዲሱ ይልቅ አለርጂ የማስነሣት ኃይሉ ይበልጣል። ስለዚህ «ዘይት አይበላሽም» የሚለውም ስህተት ነው። በጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት፤ የብርቱካንና የሎሚ ወገን ከሆነ ከተከፈተ አንድ ዓመት ካለፈው ቆዳ ላይ አይዋል። አዲስ ዘይት ሲገዛም መጀመሪያ የቀጠነውን ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ስመክር የሚሰማኝ ከአሥሩ አንዱ ነው።

«ላቬንደር ማቅጠን አያስፈልገውም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት የፈረንሳዩን ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴን ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ክንዱ ሲቃጠል በአጋጣሚ በአጠገቡ በነበረ የላቬንደር ዘይት ነክሮት ወዲያው ዳነ ይላሉ። አደጋው እውነት ነው፤ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው ግን ላቬንደሩን የተጠቀመው ቁስሉ ወደ ጋንግሪን (የሥጋ መበስበስ) እየተለወጠ ሳለ፣ አውቆ ነው። የአንድ ሰው ቁስል ታሪክ ለሁላችን የመጠን መመሪያ አይሆንም።

ፀሐይን የሚረሱም አሉ። የሎሚ ልጣጭ ተጨምቆ የወጣ ዘይት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ለወራትም ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ፊቷን «ለማጥራት» ብላ የሎሚ ዘይት የተቀባች ሙሽራ ለሠርጓ ሳምንት ሲቀራት ጉንጮቿ ጠቁረው አይቻለሁ። ከተቀቡ በኋላ ያ የሰውነት ክፍል ቢያንስ ለ12 ሰዓት ፀሐይ ማየት የለበትም። ጤና አዳምም ተመሳሳይ ንጥረ ነገር አለው፤ ቅጠሉን አሽቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው ሊያብጥና ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

«ጦስኝ ሻይ እጠጣለሁ፣ ዘይቱንም ብጠጣው ምን አለበት?» ሻዩ ሻይ ነው፤ ዘይቱ ግን በጠብታ ሊለካ የሚገባው ኬሚካል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት አንድን ሕፃን ራሱን ሊያስት ወይም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚቀባው፣ ዊንተርግሪን ከሚባል ተክል የሚወጣው ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ20 በላይ የአዋቂ አስፕሪን ክኒኖች ያህል ሳሊሲሌት (የአስፕሪን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር) ይይዛል። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስታውክ አይደረግ፤ ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ከዚህ ጋር የዕጣን ዘይት ካንሰር ያድናል የሚለውን ወሬ ላክል። ወሬው የሚመረኮዘው ዕጣን ውስጥ ባሉ ቦስዌሊክ አሲዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው፤ እነዚህ አሲዶች ግን ከባድ ስለሆኑ በእንፋሎት አይነሡም፣ ሙጫው ውስጥ ይቀራሉ። ከመተማና ከትግራይ የሚመጣው የእኛ ዕጣን ዘይት በአብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የሚባል፣ ሽታው ደስ የሚል ንጥረ ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ «የሕክምና ደረጃ» ተብሎ መጻፉም ምንም አይለውጥም፤ ይህን ደረጃ የሚሰጥ የመንግሥት አካል የለም፣ ሻጩ ለራሱ የሰጠው ማዕረግ ነው።

መዓዛማ ዘይት ቆዳቸውን ሲያቃጥላቸው ወዲያው ወደ ቧንቧ የሚሮጡትም ተሳስተዋል። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት እጇን በውሃ ብቻ ብትታጠብ ቃጠሎው እንደማይለቃት ታውቃለች፤ ይህም ያው ነው። መጀመሪያ የምግብ ዘይት በብዛት ቀብቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ለረጅም ጊዜ በንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለዚያ ሕፃንም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እጥፋቶቹን በሰሊጥ ዘይት ጠርገን፣ በለስላሳ ሳሙና አጥበን፣ ሳሉን እንዲያዩለት ወደ ጤና ጣቢያ ላክናቸው። አያቱ ከመውጣታቸው በፊት ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አሳዩኝና «ታዲያ ይህን ልጣለው?» አሉኝ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቅ ስለነበር፣ «አይጣሉት እማማ፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ሰሊጥ ዘይት ሁለት ጠብታ አድርገው ጉልበትዎን ይሹበት፤ ልጁን ከማቀፍዎ በፊት ግን እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» አልኳቸው። «በውሃስ?» አሉኝ።