ሜትሮ ዲስትሪክትን ማን ያቋቁመዋል? በኮሎራዶ ቤት ለገዙ

በዴንቨርና በአውሮራ ዙሪያ አዲስ ቤት የገዛ ወገናችን በንብረት ግብሩ ላይ «ሜትሮ ዲስትሪክት» የሚል መስመር ሊያገኝ ይችላል። ለሰፈሩ መንገድ፣ ውሃ፣ ፍሳሽና መናፈሻ የተወሰደ ዕዳ በአብዛኛው የሚከፈለው በዚህ በኩል ነው። ስለ እርሱ የሚነገሩ ጥቂት አስተያየቶችን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኤችኦኤ ነው።» አይደለም። ኤችኦኤ የቤት ባለቤቶች የግል ማኅበር ነው፤ ሜትሮ ዲስትሪክት ግን ግብር የመጣል ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ነው።

«ዴቨሎፐሩ ብቻውን ያቋቋመው ነው።» ይቋቋም የሚለውን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው እርሱ፣ ማለትም ሰፈሩን የሚያለማው ኩባንያ ነው፤ ማቋቋም ግን አይችልም። መጀመሪያ «ሰርቪስ ፕላን» የተባለውን ዕቅድ የካውንቲው ኮሚሽነሮች ያጸድቁታል፤ ቦታው ሙሉ በሙሉ በከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት። ከዚያ አቤቱታው «ዲስትሪክት ኮርት» ለሚባለው የስቴቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሰምቶ ምርጫ ያዝዛል፣ አብላጫው ድምፅ ከደገፈ መቋቋሙን በትእዛዝ ያውጃል።

«ዳኛ ካየው ጥቅማችን ተመዝኗል።» ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዳኛው በዋናነት የሚያዩት ሕጉ የሚጠይቀው ሥርዓት መሟላቱን ነው፤ ግብሩ ይከብዳል ወይ የሚለው የኮሚሽነሮቹ ወይም የምክር ቤቱ ጉዳይ ነበር። መራጩም በኮሎራዶ የተመዘገበ ሆኖ በሜትሮ ዲስትሪክቱ ክልል ውስጥ የሚኖር፣ ወይም እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በዚያ ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያለው ሰው ነው። ንብረቱን ለመግዛት ተዋውሎ ግብሩን የመክፈል ግዴታ የገባም እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ስለዚህ ቦታው ገና ባዶ መሬት ሳለ ከዴቨሎፐሩ ጋር የተሳሰሩ ጥቂት ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ሊጨርሱ ይችላሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. የጸደቀው «ታቦር» የተባለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለዓመታት የሚዘልቅ ዕዳ በመራጭ እንዲጸድቅ ያስገድዳል፤ ያንንም የሚያጸድቁት እነዚያው ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሕጋዊ ነው። ዕዳውን ለዓመታት ለሚከፍለው ቤተሰብ ግን ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

«ስህተት ካለ በኋላ እንከሳለን።» የማቋቋሚያው ትእዛዝ ይግባኝ የለውም። አመሠራረቱን መቃወም የሚችለው የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብቻ ነው፤ እርሱም ትእዛዙ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ።

«እንግዲያው ፍርድ ቤቱ ከዚያ ወዲያ አያገባውም።» ይህም ስህተት ነው። የዲስትሪክቱን ክልል ማስፋት፣ ማጥበብም ሆነ ዲስትሪክቱን ማፍረስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ፣ ዲስትሪክቱ ከጸደቀው ሰርቪስ ፕላን በመሠረቱ ካፈነገጠ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ድርጊቱ እንዲታገድ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የሰርቪስ ፕላኑ ሰነድ የሕዝብ ነው፤ ከከተማው ወይም ከካውንቲው ጠይቀው ያንብቡት።

«ዜጋ ካልሆንኩ ምንም ማድረግ አልችልም።» መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ቢሆንም ዲስትሪክቱን የሚመራው ቦርድ ስብሰባ ለሁሉም ክፍት ነው። ዜጋ የሆኑት ደግሞ ለቦርዱ መወዳደር ይችላሉ፤ መደበኛው ምርጫ በፈረንጆቹ ሜይ ወር፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ይካሄዳል።