ሐይቅና ረግረግን በማስተርስ ማጥናት፦ ከቪየና እስከ ባሕር ዳር

በአካባቢ ሳይንስና በሥርዓተ ምኅዳር አስተዳደር ማስተርስ መሥራት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ትዝ የሚለው ደን ነው፣ ካልሆነም የአየር ንብረት። ውሃው ይረሳል። በውሃው በኩል ግን ለኛ አገር ተማሪዎች ክፍት ሆኖ የቆየ መንገድ አለ። ሊምኖሎጂ ይባላል። ሐይቅ፣ ወንዝና ረግረግ ያጠናል፤ ውቅያኖስ የሌሎች ሥራ ነው።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1975 ኦስትሪያ ውስጥ ተጀመረ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ገና ማስተርስ አልሆነም፤ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የሚሰጥ ሥልጠና ነበር። ለብዙ ዓመታት ማዕከሉ ሞንድዜ ላይ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር የነበረው የኦስትሪያ ሳይንስ አካዳሚ የሊምኖሎጂ ተቋም ነበር። ኦስትሪያውያን በዚህ ሙያ ጀማሪ አይደሉም። ሉንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለው የሐይቅ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው በ1905 ነው፤ ዛሬም ተማሪ ፊልድ ይወጣበታል።

በኋላ ሥልጠናው አድጎ የሦስት ተቋማት የጋራ ማስተርስ ሆነ። አንዱ በ1872 የተመሠረተው የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ኔዘርላንድስ ያለው፣ ከ1957 ጀምሮ የውሃ ባለሙያ የሚያሠለጥነው አይኤችኢ ዴልፍት። ሦስተኛው የኬንያው ኤገርተን፣ በ1939 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተ። ተማሪው ባለበት አይቆይም፣ አገር እየቀየረ ይማራል። ዋናው ጥቅሙም ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ቪየና ላይ የሚያየው ዳኑብን ነው። ወንዙ በ1870ዎቹ ቀጥ ብሎ እንዲፈስ ተደርጓል፤ ሎባው የሚባለው የጎርፍ ሜዳ በግድብ አጥር ተቆርጦ ቀረ። ከተማዋ ከጎርፍ ዳነች፣ ረግረጉ ግን ቀስ በቀስ እየደረቀ ነው፣ እና ዛሬ ውሃ መልሶ ለማስገባት ይሠራል። ወንዝ ማቃናት ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው አበሳው። ኬንያ ላይ ናይቫሻ አለ፦ ሐይቅ፣ ደንገልና የአበባ እርሻ ጎን ለጎን፤ ዝዋይን የሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ዴልፍት ሞዴሊንግና ፖሊሲ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያልቅ ጊዜ።

የትም ቢሆን መሣሪያው ያው ነው። ሴኪ ዲስክ ማለት በገመድ ወደ ውሃ የሚወርድ ነጭ፣ ወይም ነጭና ጥቁር ክብ ሳህን ነው። ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ትመዘግባለህ፤ ውሃው ምን ያህል የጠራ እንደሆነ በዚያ ይገመታል። ጣልያናዊው ቄስ አንጀሎ ሴኪ በ1865 የሞከረው ነው፤ እስከ ዛሬ የተካው የለም ማለት ይቻላል። ወንዝ ላይ ደግሞ ድንጋይ እየገለበጡ ነፍሳት መልቀም አለ። ጭራው ሦስት የሆነ፣ ሆዱ ጎን ላይ ስንጥቦቹን የሚያርገበግብ የሜይፍላይ (ውሃ ዳር የሚበር ትንሽ ነፍሳት) እጭ ከተገኘ ውሃው ደህና ነው። ድንጋዩ ሥር ጭቃ ብቻ፣ ጭቃው ውስጥ ቀይ ትል የሚመስል የቺሮኖሚድ (የማይናከስ ትንኝ) እጭ ብቻ ከሞላ፣ ኦክስጅን በጣም አንሷል ማለት ነው። ቅላቱ ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ ያቺን የቀረችውን ኦክስጅን የሚይዘው በሱ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። ኢትዮጵያ በዚህ ሳይንስ ውስጥ ተቀባይ ብቻ አይደለችም፣ ይህ ሲረሳ ያናድደኛል። በ1960ዎቹ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የቢሾፍቱን ሐይቆች ይለኩ ነበር። በ1973 ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር ያወጡት ጥናት አረንጓዴና ቂሎሌ በሚባሉት ሐይቆች ላይ የተለካውን የአልጌ ፎቶሲንተሲስ ይዞ፣ በዓለም ላይ አልጌ ሊያመርት የሚችለው ጣሪያ የት እንደሆነ አሳየ። ሁለቱም ሶዳ ሐይቆች፣ ማለትም ካርቦኔት የበዛበት ጨዋማ ውሃ ያላቸው ነበሩ። ነበሩ ያልኩት በቂሎሌ ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ቂሎሌ ተጠለፈ፤ ሶዳው ቀጠነ፣ አልጌው ተቀየረ። ሐረማያ ደግሞ ከናካቴው ደርቆ ነበር። የቂሎሌንና የሐረማያን ታሪክ ጎን ለጎን ያጠኑት ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ናቸው። ሰው ምንም ሳያስብ የሠራው ሙከራ ለተማሪ እንዲህ ግልጽ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም።

አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የከፈቱት የውሃ ሥርዓተ ምኅዳርና የአካባቢ አስተዳደር ማስተርስ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ከኦስትሪያ በኩል እገዛ ነበረው፤ የሰበታው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም አብሮ ሠርቷል። ከውጭው ያነሰ ነው የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። ላብ ላይ ኬሚካል የሚያልቅበት ጊዜ አለ፣ እሺ። ግን ጣና ከደጅህ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላቤዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች እዚያው ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ሆነው ተለያይተዋል፤ ብዙዎቹ ሌላ የትም የሉም። ከፊሎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ነው። በ2015 ዩኔስኮ አካባቢውን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበው። ከዚያ በፊት ግን በ2011 እምቦጭ ታይቷል። እሱን ለማስወገድ የገቡት ማሽኖች ረዱ ወይስ ገንዘብ ፈጁ የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ አንዳንዱ በእጅ የተነቀለው ይሻላል ይላል፣ ሌላው ሁለቱም አይበቃም ይላል። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ካልቆመ እምቦጩ ምግብ አያጣም፤ እዚህ ላይ ክርክር ያለ አይመስለኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ወደ ኦስትሪያ ለሚሄድ አፒየር የሚባለው የኦስትሪያ መንግሥት ፕሮግራም አለ፤ ኢትዮጵያ ካተኮረባቸው አገሮች አንዷ ናት። ኢራስመስ ሙንዱስም ተመሳሳይ የጋራ ማስተርሶች አሉት፤ ከ2021 ወዲህ በተመረጡት ላይ ለተማሪው በወር 1,400 ዩሮ ይከፈላል። ውድድሩ ከባድ ነው። ትራንስክሪፕትና የእንግሊዝኛ ማስረጃ ቀድሞ ካልተዘጋጀ ቀኑ ያልፋል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ መምህሩን በመጨረሻው ሳምንት ማስጨነቅ አያዋጣም። ከአመልካቹ የሚጠበቀው በባዮሎጂ፣ በአካባቢ ሳይንስ፣ በዓሣ ሀብት ወይም በቅርብ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በዓሣ ምርምር ወይም በውሃ ቢሮ የሠራ ሰው ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው አያጣም፣ ምክንያቱም ለቴሲሱ የሚሆነውን ሐይቅ ቀድሞ ያውቀዋል።