የቤታ ዓሣ አያያዝ በጎንደር

ቤታ ዓሣ መነሻው ታይላንድና አጎራባች አገሮች የሆነ፣ ጥልቀት በሌላቸው ረግረጎች፣ ቦዮችና የሩዝ ማሳዎች ውስጥ የሚኖር የሞቃት አካባቢ ዓሣ ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ በጥሩ አያያዝ ከ2 እስከ 4 ዓመት ይኖራል። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን በ1910 እ.ኤ.አ. ያወጣለት የእንግሊዙ የዓሣ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሬጋን ሲሆን፣ ታይላንድም በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ ብላ ሰይማዋለች። በተፈጥሮ መኖሪያው የሚገኘው ቤታ ክንፉ አጭር፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው፤ በገንዳ ውስጥ የሚታዩት ቀያይና ሰማያዊ ባለ ረጃጅም ክንፎች ሰዎች ለብዙ ትውልድ እየመረጡ ያዳቀሏቸው ናቸው።

ቤታ ከውሃው ኦክስጅን በተጨማሪ ከራሱ በላይ ያለውን አየር ይተነፍሳል። ለዚህ የሚያገለግለው በጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የተጣጠፈ የመተንፈሻ አካል ሲሆን፣ ዓሣው በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። አየር የሚተነፍስ ዓሣ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የጣናው አምባዛ በተለየ አካል ቢሆንም ይህንኑ ያደርጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን ሊያስቸግር የሚችለው ይህ ጉድለት ግን ለቤታ እምብዛም አያሳስብም።

ቤታን ጎንደር ላይ የሚፈትነው የሌሊቱ ብርድ ነው። ዓሣው የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የከተማዋ የሌሊት ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በክረምትም ቀኑ ራሱ ይቀዘቅዛል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ከገንዳው ወለል ላይ ይተኛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ ብዙ ሰው ይህን በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳል። ቴርሞሜትር ከመድኃኒቱ ይቀድማል። ለ20 ሊትር ገንዳ 50 ዋት ያህል ኃይል ያለው፣ ሙቀቱን ጠብቆ ራሱን የሚያጠፋና የሚያበራ የውሃ ማሞቂያ ይበቃል። ውሃ ሲቀየር ማሞቂያው አስቀድሞ ከሶኬት መነቀል አለበት፤ እንደበራ ከውሃ ውጭ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

መብራት ሲጠፋ የገንዳው መጠን ዋጋ አለው። በየቦታው ቤታ በብርጭቆ ወይም በማሰሮ መሰል ጠርሙስ ተቀምጦ ይታያል፤ ይህ ልማድ መቅረት ያለበት ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሊትር ውሃ ከምሽት እስከ ንጋት ከክፍሉ ጋር እኩል ሲቀዘቅዝ፣ 20 ሊትር ውሃ ግን ሙቀቱን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መሸፈን፣ ሞቅ ያለ ውሃ የተሞላ ሃይላንድም ክዳኑን አጥብቆ ማንሳፈፍ ሌሊቱን ያሻግራል። የፈላ ውሃ በቀጥታ መጨመር ግን ዓሣውን ይገድላል።

የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ለገንዳው የሚሆን ጀሪካን ለብቻ መመደብ ይገባል። ክሎሪን ዓሣን ስለሚጎዳ ውሃው አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ክፍቱን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማደር አለበት፤ በቤት ውስጥ ለመጠጥ ተብሎ ክሎሪን የተጨመረበት ውሃ ጭራሽ አይሆንም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃም አያስተማምን፤ የቆርቆሮው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያ አሞኒያ ስለሚጠራቀም ጥቂት ውሃ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ከዚያ በኋላም በሳምንት ሩቡን መቀየር በቂ ነው። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ውሃውን አይለውጥም። ኖራ የነካው ድንጋይ ግን ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ስለሚያወጣ በቀላሉ ይለያል።

ገንዳው ክዳን ያስፈልገዋል፤ ቤታ ዘሎ ይወጣል። ከዚህም ሌላ ዓሣው የቤቱን አየር ስለሚተነፍስ፣ የከሰልና የዕጣን ጭስ ከሚበዛበት የቡና ማፍያ አጠገብ ባይቀመጥ ይመረጣል። ለትንኝና ለበረሮ የሚነፋው ፍሊት ደግሞ ጥቂቱ እንኳ ውሃው ላይ ቢያርፍ ዓሣውን ይጨርሰዋል።

ቤታ ሥጋ በል ነው። ለእሱ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ ጥቂት ፍሬ ይሰጠዋል፤ በክረምት ከበርሜል የሚጠለል የትንኝ እጭም ከማንኛውም የታሸገ ምግብ የበለጠ ይወደዋል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ ውሃውን ከማበላሸት በቀር አይጠቅመውም። ረቡዕና ዓርብን ባይቆጥርም፣ በሳምንት አንድ ቀን መጾም ለሆዱ ይበጀዋል።

ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ አይኖሩም፤ ክንፋቸው እስኪተለተል፣ አንዳንዴም እስከ ሞት ይዋጋሉ። ሴቲቱም ለመራቢያ ካልሆነ ከወንዱ ጋር አትቀመጥም። በመራቢያ ጊዜ ወንዱ በውሃው ፊት ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል፤ ከሴቲቱ የሚወርዱትን እንቁላሎች በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ያስቀምጣል። እንቁላል መጣሏን ስትጨርስ ስለሚያሳድዳት ሴቲቱ ወዲያው ትወጣለች። እንቁላሎቹ በአንድና በሁለት ቀን ይፈለፈላሉ፤ ግልገሎቹ እንደ ልብ መዋኘት ሲጀምሩ አባትየውም ይነሳል። አየር መተንፈሻቸው የሚዳብረው ከተወለዱ ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ወቅት ከውሃው በላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ እንዳይሆን ክዳኑ ገጥሞ መዘጋት አለበት። ወንዶቹ መናከስ ሲጀምሩ ለየብቻ ጠርሙስ ይፈልጋሉ፤ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ማሞቂያ ማግኘት ስለማይቻል፣ ጠርሙሶቹን አንድ ማሞቂያ ባለው ሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ደርድሮ ማቆየት የተለመደ ዘዴ ነው።