ሀዘን ላይ ሆኖ መምረጥ፦ የቀብር አገልግሎት በአሜሪካ

አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብዙም የሚመርጠው ነገር የለም። ጡሩምባ ይነፋል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ጎረምሶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ይሄዳሉ። ቀብሩም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይፈጸማል። ለሀዘንተኛው የሚቀርለት ማልቀስ ነው።

አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አስከሬኑን ከሆስፒታል ተረክቦ እስከ መቃብር የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ፊውነራል ሆም የሚባለው ድርጅት ነው። የትኛው ድርጅት፣ ምን ዓይነት ሳጥን፣ የት ይቀበር የሚለውን ሁሉ ቤተሰቡ ይወስናል። መርዶ ከሰማ ገና ቀን ያልሞላው ሰው ፊርማ ይጠየቃል።

ሆስፒታሉ «ማን ይውሰደው?» ብሎ ሲጠይቅ ያኔውኑ ስም መጥራት ግድ አይደለም። አስከሬን ማቆያ ያለው ሆስፒታል ከሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ለመደወል ጊዜ ይገኛል። ስልኩን ሀዘኑ ትንሽ ራቅ ያለለት ሰው ቢይዘው ይሻላል።

ለደዋዩ የሚጠቅም ሕግ አለ። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው «ፊውነራል ሩል» ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ድርጅቱ ዋጋውን በስልክ ለሚጠይቀው ሁሉ መናገር አለበት። በአካል ለሄደ ሰው ደግሞ ይዞት የሚሄደው ዝርዝር የዋጋ ወረቀት ይሰጣል። ደንበኛው ከዝርዝሩ የሚፈልገውን ብቻ ይመርጣል፤ የማይቀረው መሠረታዊው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሳጥን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ማምጣት ይቻላል። ድርጅቱ አልቀበልም ማለትም ሆነ በዚያ ሰበብ ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። ይህን ሳያውቁ ውዱን ሳጥን እዚያው የሚገዙ ወገኖች ያሳዝኑኛል።

የአገሪቱ የቀብር ዳይሬክተሮች ማኅበር በ2023 ባወጣው አኃዝ፣ አስከሬኑ ለስንብት ታይቶ ሲቀበር መካከለኛው ዋጋ 8,300 ዶላር ነበር። ለስንብት ታይቶ ሲቃጠል 6,280 ዶላር ነበር። የመቃብር ቦታው ዋጋ በዚህ ውስጥ የለም። ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥት የጡረታ ተቋሙ፣ የሚሰጠው 255 ዶላር ብቻ ነው፤ እሱም ለትዳር ጓደኛ ወይም መስፈርቱን ለሚያሟሉ ልጆች። ስለዚህ ብዙ ሐበሻ ባለበት ከተማ እድር መግባት ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሟቾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይቃጠላሉ። በእኛ ኦርቶዶክሶች ዘንድ ሥርዓቱ ፍትሐትና ቀብር ነው፤ በእስልምናም ማቃጠል ክልክል ነው። ሙስሊም ቤተሰብ በፍጥነት መቅበር ስለሚፈልግ፣ ትጥበትና ከፈን የሚያውቅ ድርጅት የቱ እንደሆነ መስጊዱን መጠየቅ ይቀለዋል። አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። በብዙ ካውንቲዎች (በስቴት ሥር ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ጠያቂ ያላገኘ አስከሬን ይቃጠላል። ብቻውን የሚኖር ሰው ስለ ቀብሩ የሚወስንለትን ሰው በሕይወት ሳለ በጽሑፍ ቢወክል መልካም ነው፤ አብዛኞቹ ስቴቶች ይህን ይፈቅዳሉ።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን «እዚህ ይቀበር ወይስ አገር ቤት ይሂድ?» የሚለው ነው። እናት አዲስ አበባ ካለች መልሱ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። አስከሬን ለመላክ የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ እንዳይፈርስ በመድኃኒት መዘጋጀቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ የማጓጓዣ ፈቃድ፣ የሟች ፓስፖርትና የኤምባሲ ወይም የቆንስላ ሰነድ ይጠየቃል። የሞት ምስክር ወረቀቱን በርከት አድርጎ ማውጣት ይጠቅማል፤ ባንኩም ኢንሹራንሱም ኦሪጅናሉን ይጠይቃሉ። ከዚህ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ልኮ የሚያውቅ ድርጅት መምረጥ የቀናት ድካም ያስቀራል። እዚያ የሚቀበለው ሰው ስምና ስልክም ቀድሞ መታወቅ አለበት።

መድኃኒቱ፣ ማለትም ኢምባልሚንግ የሚሉት፣ እዚሁ ለሚቀበር ሰው በአብዛኛው በሕግ ግዴታ አይደለም። ድርጅቱም ሳያስፈቅድ ሊያደርገውና ሊያስከፍልበት አይገባም። ለረጅም በረራ ግን በተለምዶ ይጠየቃል።

እዚህ የሚቀብሩ ደግሞ መቃብሩን ከመግዛታቸው በፊት ስለ ሐውልት ይጠይቁ። አንዳንድ መካነ መቃብር ከሣሩ እኩል የሚተኛ ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈቅደው። አገር ቤት እንደለመድነው ፎቶ ያለበት የቆመ ሐውልት ለአርባው አሠርተው፣ በር ላይ የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ።