በአውቶቡስ ቤት ስለ መኖር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሰሜን አሜሪካ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የመጣ የአክስቴ ልጅ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ ገዝቶ፣ መኝታና ማብሰያ አስገብቶ ዓመቱን ሙሉ ሊኖርበት ማሰቡን ቡና ላይ ሲነግረን፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አስተያየቱን ሰነዘረ። እርሱ ባለበት አገር ይህ አኗኗር እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ የምናውቀው በመተማ በኩል አቋርጠው ጎንደር ያድሩ የነበሩትን የውጭ አገር መንገደኞች ነው፤ አብዛኞቹም በትንሽ መኪና የሚጓዙ ነበሩ። በዚያ ቀን ከተባለው ውስጥ ብዙው ስህተት ነበር፤ የመጀመሪያው ስህተት ደግሞ የአክስቴ ልጅ የራሱ ነው።

«ቤቱ ጎማ ካለው በፈለጉበት ቀን ተነስቶ መሄድ ይቻላል።»

ይህ ፍራሽ ለተነጠፈበት ሚኒባስ እውነት ነው፤ ለትልቅ አውቶቡስ ግን እምብዛም አይሠራም። ትልቅ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲፈጅ ሚኒባስ ከ10 እስከ 12 ሊትር ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከጎንደር ባሕር ዳር ላለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አንዱ ከ50 ሊትር በላይ፣ ሌላው 20 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ከነዳጁ ይልቅ የሚያሰንፈው ግን ዝግጅቱ ነው፦ ሳህንና ብርጭቆ ይታሰራል፣ የቆሸሸው ውሃ ይደፋል፣ የሚታጠፍበትና የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ይጠየቃል። ፒያሳ ላይ ሚኒባስ በቀላሉ ዳር ይይዛል፤ 12 ሜትር ርዝመትና ከ3 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ቤት ግን ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ሲታገል ይውላል። ትልቅ ቤት በየጊዜው እንደማይነሳ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር፤ «ከተማ» የሚለው ቃልም ቀድሞ የንጉሡንና የሠራዊቱን ሰፈር ያመለክት ነበር። ያ ግዙፍ ሰፈር የሚነሳው በየቀኑ ሳይሆን በአብዛኛው እንጨቱና ስንቁ ሲመናመን ነው። የአውቶቡስ ቤትም ጠባዩ እንደዚያው ነው፤ አንድ ቦታ ወራት ተቀምጦ አልፎ አልፎ ለሚነሳ ሰው ይስማማል፣ በየሳምንቱ ለሚዞር ሰው ግን ሸክም ይሆናል።

«ትልቅ አውቶቡስ ሊማሊሞን አይወርድም።»

አጎቴ ይህን አጥብቀው ተከራከሩ፤ ነገር ግን የሕዝብ አውቶቡሶች ከደባርቅ ወዲያ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱና ሲወጡ ኖረዋል። ልዩነቱ ያለው ከሰዎቹ ላይ ነው። ሹፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል ከባድ ማርሽ አስገብቶ ይወርዳል፤ መኪናው ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፣ ኩርባ ላይም ከኋላ ሆኖ ያመለክታል። በቤቱ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ረዳት የለውም።

«የቤት ዕቃ ለአውቶቡስ ይከብደዋል፤ ሚኒባስ ግን ቀላል ስለሆነ አያሳስብም።»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 50 ሰው ከነሻንጣው እንዲጭን የተሠራ አውቶቡስ ወንበሮቹ ሲነቀሉለት 4 ቶን ያህል የመጫን አቅም ይተርፈዋል፤ ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ስለሚመዝን 300 ሊትር የያዘ ታንከር እንኳ ከዚህ ላይ 300 ኪሎ ብቻ ነው የሚወስደው። ጥንቃቄ የሚሻው ሸክሙ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ ነው። አንድ ቶን ገደማ የሚጭን ሚኒባስ ግን ሰዎቹ፣ ውሃው፣ ባትሪው፣ የጋዝ ሲሊንደሩና የጣውላ ቁም ሳጥኑ ሲደመሩ ሳይታወቅ ይሞላል። ስለዚህ በሚኒባስ መኖር የሚያዋጣው ኑሮው ራሱ ቀላል ሆኖ ከቆየ ነው፦ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ አንድ የጋዝ ምድጃ።

«ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ በፀሐይ ኃይል የማይሠራ ነገር የለም።»

አክስቴ ወዲያው የጠየቁት ስለ ምጣድ ነበር፤ ጥያቄያቸውም ከሁላችን ክርክር የበለጠ ቁም ነገር ነበረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ የሚይዘው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይጠቀሙበት ይመረጣል፤ እንግዲህ ለአንድ ሰዓት ጋገራ ብቻ ሦስት ባትሪ ሊያስፈልግ ነው ማለት ነው። መብራት፣ ስልክና ትንሽ ማቀዝቀዣ ግን በጋ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ሲደፈን የሚገኘው ኃይል በጣም ይቀንሳል። በአውቶቡስም ሆነ በሚኒባስ የሚኖር ሰው እንጀራውን ቢገዛ ይሻለዋል።

«ጎንደር ብርዷ ቀላል ነው፤ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን መዝጋት ይበቃል።»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ትንሹ ሚኒባስ ቶሎ ስለሚሞላ በዚህ ረገድ ከአውቶቡሱ የባሰ ነው፤ የቡና ከሰልም ቢሆን ደጅ ይቀመጥ። የሌሊቱን ብርድ የሚያባብሰው ቆርቆሮው ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ሙቀት በሚይዝ ነገር ካልተሸፈነ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ያድራል፣ ከጊዜ በኋላም ዝገት ያመጣል። ስለዚህ ሽፋን ማልበስና ጠባብ የአየር መግቢያ መተው ከማሞቂያ ይቀድማሉ። በአውቶቡስ ይህ ሥራ የሚሠራው መስኮት ሁሉ ተፈትቶ ስለሆነ ወጪው ከፍ ይላል።

«በሚኒባስ የሚኖረው አውቶቡስ መግዛት ያልቻለ ሰው ነው።»

አውሮፓ ውስጥ እስከ 3.5 ቶን የሚመዝን መኪና በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል፤ አውቶቡስ ከዚያ እጅግ ስለሚከብድ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አቅም ያላቸውም ብዙዎች ትንሹን ይመርጣሉ። በእኛም አገር ወንበሩ የተነቀለ አውቶቡስ ሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር አይገጥምምና፣ ብሎን ከመፈታቱ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። የአክስቴን ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደሚንቀሳቀስ ስጠይቀው፣ በጣቱ ቆጥሮ «ሁለት መቶ ገደማ» አለኝ። የሚኒባስ ፍራሽ በአንድ ከሰዓት ይወጣል፤ አውቶቡስ ላይ የተበየደ ወጥ ቤት ግን በቀላሉ ስለማይመለስ፣ መጀመሪያ አንድ ክረምት በሚኒባስ እንዲያድር መከርኩት።